የአባቴ አንገት

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል በገባሁ ቁጥር "ፏፏቴው እንዴት ነበር? ጫካውስ?" የማይለኝ ሰው የለም። ፏፏቴ አላየሁም! ጫካውንም ያየሁት በሚኒባስ መስኮት፣ ያውም የሰው ጆንያ ግማሹን ከልሎብኝ ነው። ሽርሽር የሄድኩ ለመሰላችሁ ሁሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሆነውን ይኸው ጽፌላችኋለሁ፤ አንብቡትና ተዉኝ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ስሜ ሣራ ቶማስ ነው። አማርኛ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስሜን በስልክ የሰማ ሰው ያገሩ ልጅ መሆኔን አይጠራጠርም፤ ፊቴን ሲያይ ግን "አማርኛ ጎበዝ ነሽ፣ የት ተማርሽው?" ይለኛል። ታክሲ ውስጥ "ነማስቴ" የሚለኝ፣ ገበያ ውስጥ "ህንዴ!" ብሎ የሚጣራ፣ የማላውቀውን የፊልም ተዋናይ ስም እየጠራ ዘመድሽ ነው ወይ የሚለኝ ሞልቷል። ህንድን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። አባቴ ማስተር ቶማስ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ መጥቶ ቴፒ ውስጥ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። እናቴ በላይነሽ የሸኮ ልጅ፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች። ስምንት ዓመቴ ላይ እናቴ ሞተች፤ አባቴ አዲስ አበባ ይዞኝ መጥቶ ብቻውን አሳደገኝ። እሱም ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። መልኬን በሙሉ ከእሱ ወሰድኩ፤ ቁጣዬ ግን የእናቴ ነው ይሉኛል።

ከቤት ያስወጣኝ መታወቂያ ነው። ሰፈር ቀይሬ ፋይሌ ወደ አዲስ ወረዳ ሲዛወር፣ የተቀበለኝ ሰውዬ ፊቴንና ወረቀቴን እያፈራረቀ አየና "እናትዎ ኢትዮጵያዊት ስለመሆናቸው፣ እርስዎም የእሳቸው ልጅ ስለመሆንዎ ከተወለዱበት ቦታ ማስረጃ ያምጡ" አለኝ። ካላመጣሁስ? ፋይሌ ወደ ውጭ ዜጎች ክፍል ይሄዳል። የየት ሀገር ዜጋ ተብዬ? ይህን እሱም አላወቀውም። የቀጠረኝ ለመጪው ሰኞ ነው። እስከ ዓርብ የሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ከቴፒ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካልያዝኩ፣ ልጆቻችሁን ሀ ሁ ባስቆጠርኩበት ሀገር የውጭ ሰው መባሌ ነው።

ሰኞ

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዘሃራ ትባላለች፤ የአጋሮ ልጅ ናት፣ ሚዛን ተፈሪ የልብስ ሱቅ አላት። ሰበታን ሳናልፍ ስንት ልጆች እንዳሏትና የትኛው አልሰማ እንዳላት ነግራኝ ጨረሰች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

"አንቺስ እህቴ፣ ህንድ ነሽ ወይስ ፓኪስታን?"

"ቴፒ" አልኳት።

"ወላሂ?"

"ወላሂ።"

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሷ ዕቃ ሆንኩ፤ ቦርሳዬን የት እንደማስቀምጥ፣ መስኮቱን መቼ እንደምዘጋ የምትወስነው እሷ ሆነች።

ለምሳ ወልቂጤ ወረድን። አስተናጋጇ ትኩስ ሽሮ ይዛ መጥታ "ልጨምርልሽ?" አለችኝ። እንደ ልማዴ አንገቴን ወዝወዝ አደረግኩላት። ሽሮዋን ይዛ ሄደች። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለችም። ዘሃራ "እንቢ ብለሽ ስታበቂ በሩ በሩን ምን ታያለሽ?" ብትለኝ ነው የገባኝ።

ይህን ነገር እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። የአባቴ ሀገር ሰው "አዎ" ወይም "እሺ" ሲል ጆሮውን አንዴ ወደ ቀኝ ትከሻው፣ አንዴ ወደ ግራው እያዘነበለ ራሱን ቀስ አድርጎ ይወዘውዛል። ለእኛ ሰው ዓይን እንቢታ ነው፤ ቢሻል ቢሻል "እንጃልህ" ነው። እኔ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ስለኖርን ሳላውቀው አንገቴ ላይ ቀረ። በተለይ ሲርበኝ፣ ስፈራና ሲከፋኝ ከአፌ ይቀድማል።

"ታዲያ ተማሪዎችሽ መልሱ ልክ ይሁን ስህተት በምን ያውቃሉ?" አለች ዘሃራ።

"ስህተት ከሆነ እጮኻለሁ።"

ጅማ ያደርንበት ፔንሲዮን አንሶላው ንጹሕ፣ ውኃው ግን ባልዲ ነው፤ እኛ ሰፈርም ከሦስት ቀን ሁለቱን እንደዚያው ስለሆነ አልከፋኝም። የከፋኝ መዝገቡ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ስሜን ጠይቆ ጻፈ፤ "ዜግነት" የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሳይጠይቀኝ "ህንድ" ብሎ አሰፈረ። መዝገቡን ወደ እኔ አዙሬ፣ በራሱ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

"መሰረዝ ክልክል ነው" አለኝ።

"ሳይጠይቁ መጻፍስ?" አልኩት። ቁልፉን ሰጠኝ።

ማክሰኞ

ቦንጋን አልፈን፣ ውሽውሽ ላይ የሻይ ተክሉን ቁልቁል እያየን፣ ዘሃራ የማታውቃቸውን ተሳፋሪዎች ሁሉ ሙዝ ስታበላ ኬላ አስቆመን። ፍተሻው ከፊት ጀምሮ መጣ። ሁሉንም "መታወቂያ" እያለ የመጣው ፖሊስ እኔ ጋ ሲደርስ ቃሉን ቀየረ።

"ፓስፖርት።"

"መታወቂያ ነው ያለኝ" ብዬ ሰጠሁት።

አገላበጠው። "ይኼ ጊዜው አልፎበታል። ያለ ፓስፖርት እንዴት ገባሽ?"

"ወዴት?"

"ኢትዮጵያ!"

"በእናቴ በኩል" አልኩት።

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ፖሊሱ አልሳቀም። "ውረጂ!" አለኝ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወረድኩ። ካፊያ ነበር። መታወቂያዬን ይዞ ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ገባና ቀረ። አውቶቡሱ ሞተሩን አላጠፋም። አንድ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ "ለአንዲት ህንድ ተብሎ እዚህ ልናድር ነው? ሹፌር፣ ንዳ እንጂ!" ሲል ሰማሁት። ይኼ ሰውዬ ከግማሽ ሰዓት በፊት የዘሃራን ሙዝ ከእጄ ተቀብሎ "ተባረኪ" ብሎኝ ነበር። ፈራሁ። አውቶቡሱ ቢሄድ፣ እኔ ያለ ወረቀት፣ በዚህ ፊት፣ እዚያ መንገድ ዳር ማን ነኝ እላለሁ?

ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ዘሃራ ወረደች። አልተጣደፈችም። ሁለቱንም ጆንያዎቿን አስወርዳ ከአውቶቡሱ ጎማ ፊት አስቀመጠቻቸውና በአንዱ ላይ ቁጭ አለች።

"እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም" አለችው ሹፌሩን። "እኔን ድጠህ ሂድ።"

በመጨረሻ ሽበታም አሥር አለቃ መታወቂያዬን ይዞ ወጣ። የትምህርት ቤቴን የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ "የአማርኛ ቋንቋ መምህርት" የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ፊቴን አየኝ።

"ይሂዱ" አለኝ። "ግን ሲመለሱም የሚያልፉት በዚሁ ነው። ያኔ የተስተካከለ ወረቀት ከሌለዎት እኔ ምንም ላደርግልዎት አልችልም።"

ሚዛን ስንደርስ ይዘንብ ነበር። አዲስ አበባ ዝናብ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ ሚዛን ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ ሰዉ በዝናቡ መሃል ጥላ ይዞ ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል። ዘሃራ ሆቴል የሚባል ነገር አልሰማም አለችና ቤቷ ወሰደችኝ። ባሏ አልጋቸውን ለቀቁልን፤ እሳቸው ሱቅ ያድራሉ ተባለ። ብዙ ተግደረደርኩ፣ አልሰሙኝም። ራት የተቀቀለ ጎደሬ በአዋዜ ነበር። እኔ ጎደሬን እጠላ ነበር፤ ለካ አዲስ አበባ የሚመጣው ደርቆ ነው። ዘሃራ ሳህኑን ይዛ "ልጨምርልሽ?" አለችና አገጬን በእጇ ያዘች።

"በአንገትሽ እንዳትመልሺልኝ! በአፍሽ!"

"ጨምሪልኝ" አልኳት። ልጆቿ በሳቅ ሞቱ። እኔ ደግሞ፣ አላውቅም ለምን እንደሆነ፣ ዕንባዬ መጣ።

ረቡዕ

ከሚዛን ወደ ቴፒ ሲወርዱ ብርዱ ከኋላ ይቀርና ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ግራና ቀኙ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ቡና ነው፤ ፍሬው መቅላት ጀምሯል። ቁንዶ በርበሬው የዛፉን ግንድ ይዞ ሽቅብ ወጥቷል። አዲስ አበባ ቁንዶ በርበሬን በላስቲክ ተቋጥሮ ነው የምናውቀው። አባቴ ለምን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቴፒ ቴፒ ይል እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው። "የኬረላው የእናቴ ጓሮ እዚያ አለ" ይለኝ ነበር፤ ለማጽናናት የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።

የሄድኩበትን ቀበሌ ቁጥሩን አልጽፍም። የመዝገብ ሹሟ ወይዘሮ ትዕግሥት ትባላለች፤ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ጉዳዬን ስነግራት አልጠየቀችኝም፣ አልሳቀችም፣ "አማርኛዎ" አላለችኝም። ወንበር ሰጠችኝና ራሷ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ፣ አቧራ ለብሳ የድሮውን የቤተሰብ መዝገብ ይዛ ወጣች። ልስማት ምንም አልቀረኝ። የእናቴን ስም አገኘችውና ጣቷን አስቀምጣ ማንበብ ጀመረች።

"ወይዘሮ በላይነሽ፣ ዜግነት ኢትዮጵያዊት። ይኸው፣ ተገኘ! ባል ቶማስ፣ ህንዳዊ፣ መምህር..." አለችና መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። "ራስዎ ያንብቡት" ብላ መዝገቡን አዞረችልኝ።

ቃል በቃል እነሆ፦ "ህፃን ሣራ፦ አባትየው ተጠይቀው የወ/ሮ በላይነሽ ልጅ እንዳልሆነች፣ እዚህም እንዳልተወለደች አስረድተዋል። ከሀገራቸው ይዘዋት የመጡ። ዜግነት ህንዳዊት።"

"ሕፃን" የተጻፈው በሃሌታው ሀ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ከአስተማሪነት የሚድን የለም። ከዚያ ነው ቀሪው የገባኝ።

አባቴ ነው ያለው? አባቴ? ቦርሳዬ ውስጥ የእናቴ ፎቶ አለ፤ ሕፃን አቅፋለች፤ ሕፃኗ እኔ ነኝ። ማቀፍ ግን መውለድ አይደለም። አባቴ ኬረላ ሌላ ሚስት ነበረችው? ለዚህ ነው ስለ ሀገሩ ብዙ የማያወራው? ሠላሳ ሰባት ዓመት እማዬ እያልኩ ያለቀስኩላት ሴት ምኔ ናት? እነዚህን ሁሉ ያሰብኩት ቁጭ ባልኩበት፣ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እናቴን ሁለተኛ ቀበርኳት።

"ዘመድ ምስክር አለኝ ቢሉኝም አይረዳዎትም" አለች ወይዘሮ ትዕግሥት። ድምፅዋ አዝኗል። "መዝገብን በሰው ወሬ አልሽርም። ወይ ፍርድ ቤት ያዝዘኛል፣ እሱ ወራት ይፈጃል። ወይ የጻፈው ሰው ራሱ ቀርቦ ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈርማል።"

"የጻፈው ሰው በሕይወት አለ?"

ፊርማውን አየችው። "አቶ ወርቅነህ ናቸው። አሉ። ጡረታ ወጥተው ማሻ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት።" ከዚያ ጨመረች፦ "ግን እህቴ፣ ተሳስተው ባይሆንስ?"

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ራት አልበላም ብላት ፓፓያ ቆርጣ በሩ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጠዋት ነው ያየሁት።

ሐሙስ

ወደ ማሻ የሚወጣው መንገድ ጌጫ ሳይደርስ ዛፍ ወድቆ ዘግቶት ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ፣ ሲጎትት አራት ሰዓት ቆምን። እኔም ጎተትኩ። አንዲት እናት "ተይ አንቺ፣ እንግዳ ነሽ" አሉኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። ያን ቀን ግን ምናልባት ነኝ ብዬ መጎተቴን ቀጠልኩ።

ማሻ ብርድ ነው፤ ጉሙ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ቀርከሃው ከየአጥሩ ጀርባ ይታያል። የአቶ ወርቅነህ ልጅ አስካለ በሩን ገርበብ አድርጋ ጉዳዬን ሰማችና "አባቴ በመዝገብ ጉዳይ ለሚመጣ ሰው አይወጣም። ደም ግፊት አለበት። ይሂዱልኝ" አለችኝ። በሩን ልትዘጋው ስትል ከውስጥ "ማን ነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አዩኝና ደነገጡ።

"ማስተር ቶማስ!" አሉ። "የሱ ፊት! ግቢ ልጄ፣ ግቢ።"

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው እየጠነከረ ሄደ።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ከራሴ አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ከጎሬ ተዛውሬ በመጣሁ በወሩ ነው፤ ቤት ለቤት ስንመዘግብ። እናትሽ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወርዳለች። አባትሽ አንቺን አቅፎ በር ላይ ቆሟል። 'የወይዘሮ በላይነሽ ልጅ ናት?' አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። 'እዚህ ነው የተወለደችው?' አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለቴም አይደለም አለኝ። 'እንግዲያው ከሀገርዎ ነዋ ያመጧት' ስለው፣ ሳቀ። ታዲያ ምን ልጻፍ?"

አለቀ። ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ ካደኝ። ሻሼን ዓይኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። አስካለ ፊቷ ተለወጠ፤ ምንም ሳትል ምሳ አቀረበች፣ ጎመን በቆጮ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ እያለቀስኩ በላሁ፣ ምን ላድርግ። አቶ ወርቅነህ አጠገቤ ተቀምጠው በሐዘን ያዩኛል።

"ጎመን ይጨመርልዎት?" አለች አስካለ።

መለስኩላት። አስካለ ጎመኑን አነሣችው።

"ቆይ" አሉ አቶ ወርቅነህ። "አሁን ምን አልሻት?"

"ማንን?"

"ልጄን። ጎመን ይጨመር ወይ ስትልሽ።"

"አዎ አልኳት" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

"እንቢ ነው ያልሻት! እኔ እያየሁሽ!"

አፌ ውስጥ ያለው ጉርሻ ቆመ። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጣሉት።

"እንደገና አድርጊው" አሉኝ።

አደረግኩት። ጆሮዬን ወደ ቀኝ፣ ጆሮዬን ወደ ግራ።

"እሱው ነው" አሉ። "ቁርጥ እሱው ነው። በር ላይ ቆሞ፣ አንቺን አቅፎ፣ እንዲህ ነው ያደረገው።"

አማርኛ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። "ራሱን ነቀነቀ" የሚለው አነጋገር አዎንታም አሉታም ይሆናል፤ አገባቡን ከዓረፍተ ነገሩ ፈልጉ እያልኩ ስንቱን ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። እሳቸው ሲሉት ግን ጆሮዬ አጠገብ አለፈ። አባቴ ያኔ ባማርኛው ያፍር ነበር፤ ልጆች ስለሚስቁበት በአንገቱ መመለስ ይቀለው ነበር። ልጄ ናት ብሏል። እዚህ ነው የተወለደችው ብሏል። ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ መስክሮልኛል፤ የገባው ሰው አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስወቅስ አድሬ ነበር። ይቅር በለኝ አባዬ።

"ነገ ቴፒ ይምጡልኝ" አልኳቸው። "እስከ ዓርብ ብቻ ነው ጊዜዬ።"

አስካለ ቀደመቻቸው። "አባዬ አይሄድም! ሐሰተኛ ሰነድ ጽፈሃል ብለው ቢይዙትስ? ጡረታውን ቢያግዱበትስ? እኔም እናት ነኝ፣ አዝኜልዎታለሁ፤ ግን አባቴን አልሰጥዎትም።"

አልፈረድኩባትም። አባት ለማስመስከር የመጣሁ ሴት አባትሽን ስጪኝ እንዴት ልበላት? አቶ ወርቅነህን አየኋቸው። መሬት መሬት አዩ።

"ላስብበት" አሉ። "መዝገቤ ንጹሕ ነው እያልኩ ነው እስከዛሬ የኖርኩት። ላስብበት ልጄ።"

ዓርብ

በጠዋት አቶ ወርቅነህ እንዳይቀሩ እየፈራሁ መኪና ተራ ቆሜያለሁ። ሁለት ሚኒባስ አሳለፍኩ። ሦስተኛውም ሞላ፤ ረዳቱ "ህንድ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?" አለኝ። የጠዋቱ መጨረሻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ከሰዓት ነው። አንድ እግሬን አስገባሁ።

መጡ። የድሮ ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በአስካለ ክንድ ተደግፈው። አስካለ አኩርፋለች፤ ጭንቀቷ ግን ያስታውቃል። የመድኃኒታቸውን ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጠችና "በስድስት ሰዓት አንዱን ይውሰድ። ረሳሁ እንዳይሉኝ" አለችኝ። ከዚያ ራሷም ተሳፈረች።

መንገዱ ትናንት ከነበረው ብሶ ነበር። ጭቃ ላይ ሦስት ጊዜ ወረድን። እኔ ሰዓቴን ሳይ፣ አስካለ አባቷን ስታይ፣ እሳቸው ከፊት ያለውን መንገድ ሲያዩ ቴፒ ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ከመኪናው እስከ ቀበሌው ያለችውን መንገድ በእሳቸው እርምጃ ሄድን። ሮጬ ልቅደም ብል ያለ እሳቸው ምን ላደርግ? ወይዘሮ ትዕግሥት ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። አየችን፤ ሰዓቷን አየች፤ ቁልፉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መዝገቡን ዘረጋች፣ ቃል መቀበያ ወረቀት አወጣች። አቶ ወርቅነህ ነገሩን ከሥሩ ነገሯት። የበር ላዩን፣ የአባቴን አንገት፣ የጎመኑን ሳይቀር። ስትሰማ መነጽሯ ጉም ለበሰ።

"አባባ" አለቻቸው፣ "እንደዚህ ብለው ከፈረሙ ነገ ሌላ ሰው በዚህ መዝገብ ሊጠይቅዎት እንደሚችል ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ለመዝገቡ ልጠይቅዎት። ያኔ የተጻፈው የእርስዎ ስህተት ነው?"

አስካለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቶ ወርቅነህ ቃል አልተነፈሱም። ሁላችንም እንደምናደርገው ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ፤ "እህ" እንኳን የማትባል፣ ወደ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ትንፋሽ ናት።

ወይዘሮ ትዕግሥት "አዎ" ብላ ጻፈች።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሜ አየኋት። ቃል ይናገሩ አላለችም፤ ምን ማለትዎ ነው ብላ አልጠየቀችም። የእሳቸው ትንፋሽ አዎ መሆኑን እሷም አስካለም እኔም እናውቃለን። አባቴም ያን ቀን፣ እኔን አቅፎ፣ ይችኑ ያህል ግልጽ የተናገረ መስሎት ነበር።

"ወይዘሮ ሣራ" አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን እያዘጋጀች። "እርስዎ የወይዘሮ በላይነሽ ልጅ ነዎት?"

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩት እኔ አንዲት ቃል አጣሁ። አንገቴ ብቻ፣ ሳላዘው፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ሄደ።

የወይዘሮ ትዕግሥት እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ።

አቶ ወርቅነህ መዳፋቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ።

"አዎ ማለቷ ነው" አሉ። "ጻፊ።"